ሚዛኑ ማን ደጅ ይቀመጥ? የቆጣሪ ሳጥን አጭር ታሪክ

የውሃ ቆጣሪ ሚዛን ነው። ሻጭና ገዥ በየወሩ የሚዳኙበት ሚዛን። ገበያ ላይ ሚዛኑ ሁለቱም ፊት ይቀመጣል፤ ገዥው መርፌውን እያየ ይከፍላል፣ ካልተዋጠለት ትቶ ይሄዳል። ውሃ፣ ጋዝና መብራት ሲሸጡ ግን እንዲህ አይሆንም። ሻጩ ሩቅ ያለ ድርጅት ነው፤ ሸቀጡ ሌት ተቀን ይፈስሳል፤ ሚዛኑም ያለ ጠባቂ ለዓመታት አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። የት? ገዥው ቤት ውስጥ ከሆነ ሻጩ እንደፈለገ አይደርስበትም። ሻጩ ዘንድ ከሆነ ገዥው አያምነውም። መንገድ ላይ ከወጣ ደግሞ ሌባም፣ መኪናም፣ ጎርፍም ያገኘዋል።

ብዙ ከተሞች በመጨረሻ የደረሱበት መልስ እግረኛ መንገድ ሥር የሚቀበር ትንሽ ሳጥን ነው። ሰው ሁሉ ይረግጠዋል እንጂ ልብ አይለውም። ከጀርባው ግን ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ የማጭበርበር፣ የብርድ፣ የስርቆትና የፍርድ ቤት ክርክር ታሪክ አለ። አዲስ አበባ መንገዶቿን እየቆፈረች መስመሮቿን መሬት ውስጥ በምትቀብርበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የሩቅ አገር ወግ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮም የነሐስ አፍ

በ97 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔርቫ ሴክስቱስ ዩሊየስ ፍሮንቲኑስን የሮም ከተማ ውሃ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ፍሮንቲኑስ የጦር ሰው ነበር፤ በብሪታንያ አገረ ገዥ ሆኖ አገልግሏል። አዲሱን ሥራ ሲይዝ ግን በሠራተኞቹ አፍ አልተማመነም። መስመሮቹን ራሱ እየዞረ አጠና፣ መዝገቡን ከሚፈስሰው ውሃ ጋር አመሳከረ፣ ያገኘውንም ጻፈው። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ተርፏል።

ሮም ቆጣሪ አልነበራትም። የነበራት «ካሊክስ» የሚባል አጭር የነሐስ ቱቦ ነው። ውሃ የተፈቀደለት ሰው በማከፋፈያው ግድግዳ ላይ ይገጠምለታል፤ የቀዳዳው ስፋት የተፈቀደለትን ያህል ነው፤ ላዩ ላይም ማኅተም ይመታበታል። ነሐስ የተመረጠበትን ምክንያት ፍሮንቲኑስ ራሱ ያስረዳል፤ ጠንካራ ስለሆነ እንደ እርሳስ ብረት በቀላሉ አይሰፋም፣ አይጠብም። ከካሊክሱ ቀጥሎ ያለው ቧንቧም እስከ 50 ጫማ ድረስ ከካሊክሱ እንዳይሰፋ ታዝዞ ነበር። አፉ ጠብቦ ጉሮሮው ከሰፋ ብዙ ውሃ እንደሚስብ የሮም መሐንዲሶች ያውቁ ነበርና።

ሕጉ ጥሩ ነበር። አሠራሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ማኅተም ያለባቸው ነገር ግን ከልካቸው የሰፉ ካሊክሶች ተገኙ። የውሃ መብት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሠራተኞቹ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ አሮጌውን ሳይደፍኑ ይተዉትና የእሱን ውሃ ለራሳቸው ይሸጣሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከመንገዱ ንጣፍ ሥር ነበር። በየሰፈሩ ለንግድ ቤቶች ውሃ የሚያደርሱ ድብቅ ቧንቧዎች ተዘርግተው ነበር፤ ዋናውን መስመር እየበሳ የሚቀጥል፣ በዚሁ ሥራው የሚጠራ ሰውም ነበረ። ድብቆቹ ቧንቧዎች ሲነቀሉ ከእነሱ ብቻ የወጣው እርሳስ ብዙ እንደነበር ፍሮንቲኑስ መዝግቧል።

የሮም ነገር ሁለት ትምህርት ትቶ አልፏል። አንደኛው፣ ልኬቱ የሚደረግበት ዕቃ የማይታጠፍ፣ የታተመና ከዋናው መስመር ያልራቀ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ሊከፈትና ሊታይ ካልቻለ የሚጠቅመው ሌባውን ነው፤ ሌባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው።

ከመብራት ቆጠራ ወደ ቆጣሪ

በ1812 በለንደን የመጀመሪያው የጋዝ መብራት ኩባንያ የንጉሥ ፈቃድ አግኝቶ ሲቋቋም ጋዝ የሚሸጥበት ልክ አልነበረም። ደንበኛው የሚከፍለው በመብራቶቹ ብዛትና በሚበሩበት ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መብራት ያላጠፋ እንዳለ ለማየት የኩባንያው ሰዎች ማታ ማታ ይዞሩ ነበር። በዚሁ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሳሙኤል ክሌግ በ1815 የጋዝ ቆጣሪ የፈጠራ መብት አወጣ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ የሚኖረው ጀርመናዊው ዊልያም ሲመንስ የውሃ ቆጣሪ ሠርቶ ገበያ ላይ አዋለ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ በግምት ሳይሆን በቁጥር ሆነ።

ቁጥሩ ግን ወዲያው እምነት አላመጣም። ቶማስ ኤዲሰን በመስከረም 1882 ኒውዮርክ ውስጥ በፐርል ጎዳና የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ሲከፍት ሽቦዎቹን መሬት ውስጥ ቀብሮ ነበር። ቆጣሪው ግን መርፌም ቁጥርም አልነበረውም። በብርጭቆ ውስጥ ባለ ፈሳሽ የተነከሩ የዚንክ ሳህኖች ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር ዚንክ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ይሄዳል። የኩባንያው ሰው በየጊዜው መጥቶ ሳህኖቹን ይወስድና ይመዝናል፤ ሒሳቡም ከዚያ ይወጣል። ክረምቱ ሲበረታ ፈሳሹ እንዳይረጋ በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ አምፖል ተገጥሞ ነበር፤ ብርዱ ሲጠና ራሱ ይበራል። ቆጣሪው ሠርቷል። ደንበኛው ግን የራሱን ፍጆታ ማንበብ አይችልም ነበር፤ የሚያየው የሻጩን ደረሰኝ ብቻ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥር የሚያሳዩ ቆጣሪዎች መጡና የኤዲሰን ብርጭቆ ቀረ።

ብርድና ቀንበር

የውሃ ቆጣሪ የራሱ ጠላት አለው፤ ብርድ። ውሃ ሲረጋ በመጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ በዚያ ጉልበት ብረት ይሰነጥቃል። አሜሪካኖች በዚህ ምክንያት ታቹ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቆጣሪ ይሠሩ ነበር፤ ሲረጋ ርካሹ የታች ሳህን ይሰበርና ውድ የሆነው የውስጥ ዕቃ ይተርፋል። በብዙ የሰሜን ከተሞች ቆጣሪው ወደ ቤቱ ምድር ቤት ገባ። ከብርድ ዳነ፤ ለአንባቢው ግን ችግር ሆነ። ቤቱ ተዘግቷል፣ ውሻ አለ፣ ባለቤቱ የለም። ከዋናው መስመር እስከ ምድር ቤቱ ባለው ርቀት የሚፈስሰውንም የሚሰረቀውንም የሚቆጥር የለም።

በኢንዲያና ግዛት ሃርትፎርድ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የውሃውን አገልግሎት ይመራ የነበረ ኤድዊን ፎርድ የሚባል ሰው (ከመኪናው ፎርድ ጋር አይምታታ) በ1898 ለዚህ ችግር አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ሐሳቡ ቆጣሪውን ከቤት አውጥቶ ከመንገድ ዳር መሬት ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ድርጅቱ በኋላ ዋባሽ ወደምትባል የዚያው ግዛት ከተማ ተዛውሮ ዛሬም የቆጣሪ ሳጥንና መገጣጠሚያ ይሠራል።

ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ቆጣሪው ብርድ ከማይደርስበት ጥልቀት ከተቀመጠ ለማንበብ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም ሰፊና ውድ ይሆናል። ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ይረጋል። መፍትሔው ከመሬቱ ራሱ ተገኘ። ከታች ያለው አፈር በክረምትም ሙቀቱን ይይዛል። ስለዚህ ጉድጓዱ ታቹ ክፍት፣ አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ ደግሞ በደንብ የሚገጥም ከሆነ ከሥር የሚወጣው ሙቀት ታፍኖ ይቀራል። ቆጣሪው ከፍ ብሎ ተቀምጦ አንባቢው ቆሞ ያነበዋል፤ ግን አይረጋም።

ሁለተኛው ሐሳብ ከዚህም ይበልጣል። ቆጣሪው በቧንቧዎቹ መካከል በቀጥታ ከተጠመደ ለመቀየር ቧንቧውን መፍታት፣ አንዳንዴም መንገድ መቁረጥ ግድ ይላል። ስለዚህ ሁለቱን የቧንቧ ጫፎች አጥብቆ የሚይዝ አንድ ብረት ተሠራ፤ ስሙም በእንግሊዝኛው «ቀንበር» ነው፣ ሥራውም እንደ ቀንበር ነው። ጫፎቹ በቀንበሩ ላይ ቋሚ ሆነው ይቀራሉ፤ ቆጣሪው ብቻ ይገባል፣ ይወጣል። የቧንቧ መስመር ለኤሌክትሪክ ምድር ማሰሪያ በሚያገለግልባቸው ቤቶች ቆጣሪው ሲወጣም ብረቱ ግንኙነቱን ስለሚይዝ ሠራተኛውን ከአደጋ ይጠብቃል።

ዛሬ መሐንዲሶች ተገጣጣሚ የሚሉት አሠራር ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጉድጓዱ፣ ቀንበሩ፣ ቆጣሪውና ክዳኑ ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ጉድጓዱ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ቆጣሪው ቀድሞ ይደክማል፤ ክዳኑ መኪና ከወጣበት በአንድ ቀን ይሰበራል። ቶሎ የሚሞተው ሲቀየር ቆይቶ የሚሞተውን ይዞ እንዳይሄድ አድርጎ መሥራት ነው ቁም ነገሩ።

ክዳኑ ሲወደድ

በ1921 ይኸው ኤድዊን ፎርድ ለሉዊዚያናዋ ከተማ ለኒው ኦርሊንስ የውሃ ቆጣሪ ክዳን ነደፈ። መሃሉ ላይ ግማሽ ጨረቃና ከዋክብት አሉበት፤ ከተማዋ በወንዙ ጥምዝ ላይ ስለተቀመጠች የጨረቃዋ ከተማ ትባላለችና። የመንገድ ዕቃ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የከተማዋ መለያ ሆነ። በሸሚዝ ላይ ታተመ፣ በአንገት ሐብል ላይ ተንጠለጠለ። በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ደግሞ የጠፋ ቤት መታሰቢያ ሆነ። መዘዙም አብሮ መጣ፤ ሰዎች ክዳኑን እየነቀሉ ወሰዱት፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ክፍት ጉድጓድ ቀረ።

ከዚህ ሌላ ኒው ኦርሊንስ ብርድ የሌለበት አገር ችግር ምን እንደሚመስል ታሳያለች። ከተማዋ ዝቅተኛ ናት፤ ውሃ ከመሬቷ ቅርብ ነው። ጉድጓዱ በዝናብ ይሞላል፤ ቆጣሪው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ቁጥሩ ያለበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ታሽጎ የተሠራ ቆጣሪ ይፈልጋሉ። ኋላ ደግሞ ከርቀት በሬዲዮ የሚነበቡ ቆጣሪዎች ሲመጡ ወፍራሙ የብረት ክዳን ሞገዱን የሚያፍን ሆኖ ተገኘ። ክዳን መብሳት ወይም በፕላስቲክ መቀየር ግድ ሆነ። ለአንድ ጠላት የተሠራ ሳጥን ለሌላው ጠላት እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ዛሬ ሳጥን፣ ነገ ቆጣሪ

እንግሊዝ ጋዝን በቆጣሪ መሸጥ የጀመረች አገር ሆና ሳለ የመኖሪያ ቤት ውሃ ግን እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው ያለ ቆጣሪ ይከፈል ነበር፤ ሒሳቡ በቤቱ የኪራይ ግምት ላይ የተመሠረተ ነው። በ1989 የውሃ ድርጅቶቹ ወደ ግል ሲዛወሩ ይህ አሠራር እንደማይቀጥል ታወቀ። ከ1989 እስከ 1993 በዋይት ደሴትና በሌሎች ቦታዎች ቆጣሪ በሙከራ ተገጠመ።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በእንግሊዝ የተለመደው ሳጥን ከፎርድ ቀንበር አንድ እርምጃ ያልፋል። ፕላስቲክ ነው፤ ታቹ ላይ መግቢያውና መውጫው በአንድ ጥርስ ባለው አፍ ይገናኛሉ፤ መዝጊያውም አብሮ ተሠርቷል። ቆጣሪው ከላይ እንደ አምፖል ይጠመዘዝና ይገባል። ቆጣሪ ከሌለ በቦታው ውሃ የሚያሳልፍ ቆብ ይጠመዘዛል። ይህ ማለት አንድ ሰፈር ሲሠራ ሳጥኑ ብቻ አስቀድሞ ይቀበራል፤ ቆጣሪው ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ቢመጣ አንድ ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ በደቂቃዎች ይገጥመዋል። አስፋልት አይነካም።

ቦታውም ትርጉም አለው። ሳጥኑ የሚቀመጠው በግቢው ድንበር ላይ ነው። ከሳጥኑ ወደ መንገድ ያለው ቧንቧ የድርጅቱ ኃላፊነት ነው፤ ወደ ቤት ያለው የባለቤቱ። በግቢው ውስጥ መሬት ሥር የሚፈስስ ውሃ ካለ ቆጣሪው ይቆጥረዋል፣ ባለቤቱም ይከፍለዋል። ቆጣሪው ኩሽና ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያ ውሃ በማንም ስም አይመዘገብም ነበር። ስለዚህ ሳጥኑን አንድ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ የመሐንዲስ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ቆጣሪው ፍርድ ቤት ሲቆም

ይህ ዕዳ እስከ ሕገ መንግሥት ድረስ የሄደው በደቡብ አፍሪካ ነው። በሶዌቶ ፊሪ በምትባል ሰፈር ነዋሪዎች ለውሃ በወር ቁርጥ ሒሳብ ይጠየቁ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት 20 ሺህ ሊትር እንደተጠቀመ ይታሰባል። ቧንቧዎቹ አርጅተው ብዙ ውሃ ይባክን ነበር፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው ጥቂት ነበር። የጆሃንስበርግ ከተማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ውሃ ቆጥቡ» የሚል ትርጉም ያለው ስም በሰጠው ፕሮጀክት ቧንቧዎቹን ቀይሮ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ አስገባ። ቆጣሪው ለእያንዳንዱ ቤት በወር 6 ሺህ ሊትር በነፃ ይሰጣል፤ ሲያልቅና ካልተከፈለ ራሱ ይዘጋል።

አምስት ነዋሪዎች ከሰሱ። ቤተሰብ የበዛበት ግቢ ነፃው ውሃ ወሩን አያደርሰውም፤ ቆጣሪውም ሲዘጋ ማስጠንቀቂያም ቀጠሮም አይሰጥም የሚል ነበር ክርክሩ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 ቅድመ ክፍያ ቆጣሪውን ሕገ ወጥ ብሎ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር በነፃ እንዲሰጥ አዘዘ። ይግባኝ ሰሚው በ2009 መጠኑን 42 ሊትር አደረገው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሁለቱንም ሻረ፤ የከተማዋ ፖሊሲ ምክንያታዊ ነው፣ መጠኑን መወሰንም የመንግሥት እንጂ የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም አለ።

በፍርዱ መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። የሚያከራክር የማይመስለው ግን ይህ ነው፤ በፊት ውሃ ለመቁረጥ ሰው መላክ፣ በር ማንኳኳት፣ ምክንያት መናገር ያስፈልግ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ መሬት ውስጥ ያለ ቫልቭ ሠራው። ዳኛው ሳጥን ውስጥ ገባ።

የሌላ አገር ብርድ

አዲስ አበባ ከቧንቧ ውሃ ጋር የተዋወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ በወረደ መስመር ነው። ዛሬ በ2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተጀመረው የኮሪደር ልማት የከተማዋን ዋና ዋና መንገዶች ከፍቶ የመብራት፣ የስልክና የውሃ መስመሮችን ከእግረኛ መንገዱ ሥር እያስገባ ነው። መንገድ የሚከፈተው አንዴ ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀበረው ሳጥን ለልጅ ልጅ የሚቀር ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ ናሙና አምጥቶ መገልበጥ አያዋጣም። የኢንዲያና ሳጥን ጥልቅ የሆነው ብርዱን ፈርቶ ነው። የአዲስ አበባ ውርጭ ሣር ቢያቃጥል እንጂ ቧንቧ ያለበትን አፈር አያረጋም። ጥልቀት ለእኛ ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው፤ ጥልቅ ጉድጓድ የክረምት ውሃና ደለል ማጠራቀሚያ ነው።

የእኛ ጠላቶች ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው ፈረቃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው አየር ይሞላል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ በቆጣሪው ያሳልፈዋል፤ ቆጣሪውም ይሽከረከራል። «አየር ይቆጥርብናል» የሚለው የደንበኛ እሮሮ ተረት አይደለም፤ የታወቀ የቴክኒክ ችግር ነው። መስመሩ ላይ አየር ማስወጫ ካልተገጠመ ሚዛኑ ባዶ እየመዘነ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ውሃ በሌለበት ሰዓት በቧንቧው ውስጥ ግፊት የለም። የቆጣሪው ጉድጓድ በቆሻሻ ጎርፍ ከተሞላና መገጣጠሚያው ከላላ ያ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ታቹ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር ያለው፣ ጥልቀቱም አነስተኛ መሆን አለበት። ይህ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ስርቆት ነው። ነሐስ አካል ያለው ቆጣሪም ሆነ የብረት ክዳን የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ቆራሌው ዘንድ ዋጋ አለው። ዋጋ የሌለው ፕላስቲክ ወይም ኮንክሪት ክዳን፣ ልዩ ቁልፍ ያለው፣ ከብረት ይሻላል። ሦስተኛው መኪና ነው፤ እግረኛ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና እስካለ ድረስ ክዳኑ የሰው ክብደት ብቻ ታስቦ መሠራት የለበትም።

አራተኛው ደግሞ ጥርጣሬ ነው። ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ሲሆን አንባቢው በር ተዘግቶበት ይመለሳል፤ ሒሳቡም በግምት ይመጣል፤ ከወራት በኋላ የተጠራቀመ ዕዳ ይወርዳል። ሳጥኑ ወደ ድንበሩ ሲወጣ ይህ ይቀላል። ግን ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ብቻ ከሆነ ደንበኛው ከሚዛኑ ፊት ተባረረ ማለት ነው። የንባብ መስኮት ከቫልቩ መዝጊያ ተለይቶ ይሠራ፤ መዝጊያው ይቆለፍ፣ ቁጥሩ ግን ክዳኑን ለሚያነሳ ደንበኛ ሁሉ ይታይ። በመብራት በኩል ካርድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት አዲስ አይደለም፤ ነገ በውሃም ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ የፊሪ ጥያቄ እዚህም መጠየቁ አይቀርም፤ ለመቁረጥ ማስጠንቀቂያ አለ ወይ? ብዙ ሰው በሚኖርበት ግቢ ልኩ ስንት ነው? ይህ መልስ ቆጣሪው ከመገጠሙ በፊት በደንብ ይጻፍ እንጂ ከተገጠመ በኋላ በክስ አይፈለግ።

ወጪውን በተመለከተ እንግሊዞች ያደረጉት ለድሃ ከተማ ይበልጥ የሚስማማ ነው። ዛሬ ለሁሉም ቤት አዲስ ቆጣሪ መግዛት ባይቻል እንኳ መንገዱ ክፍት ሳለ ተገጣጣሚውን ሳጥን ከነመዝጊያው መቅበር ይቻላል። ፕላስቲኩም ኮንክሪቱም አገር ውስጥ ሊመረት የሚችል ዕቃ ነው። ልኩ አንድ ይሁን፤ የአንዱ ክፍለ ከተማ ክዳን በሌላው ይግጠም፤ መለዋወጫው በአንድ አቅራቢ እጅ አይታሰር። ይህ ካልተደረገ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፤ የተዋበው ንጣፍ ለአንድ ቆጣሪ ሲባል ይነሳል፣ ተመልሶም በትክክል አይገጥምም።

ፍሮንቲኑስ ሥራውን ሲይዝ ያገኘው ከተማ ውሃ ያልጎደለው፣ ሚዛኑ ግን የጠፋበት ከተማ ነበር። አዲስ አበባ ውሃውም ይጎድላታል። ያለውን በትክክል የሚመዝን፣ ሁለቱም ወገን የሚያየው ሳጥን ቀርቶ በንጣፉ ሥር ጨለማ ብቻ ከተቀበረ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የሚወርሰው ውብ መንገድና ከሥሩ የማይታወቅ ዕዳ ይሆናል።